የካርቶኑ ቤት ጓሮ

«እናትሽ ፈርማለች አሉ።»

እትዬ በላይነሽ ይህን ማለት ከጀመሩ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ሰኞ ብለውታል፣ ረቡዕ ብለውታል፣ ዛሬ አርብ ጠዋት ደግሞ የዳቦ ከረጢታቸውን ከባጃጅ ሳያወርዱ አሉት። ወሬ በእሳቸው አፍ አያረጅም፤ ሲያድር እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል እንጂ። መጀመሪያ «ግቢያችሁ ተለክቷል» ነበር። ቀጥሎ ገዢው ብረት ነጋዴ ሆነ። ከዚያ ነጋዴው ባለ ሁለት መኪና ሆነ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ እናትየው ዘንድ ደርሷል። ዙፋንን የቤት ወሬ አይደንቃትም። አቃቂ በሰቃ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ቤቱ ስንት ጊዜ በሰው አፍ ፈርሶ ስንት ጊዜ በሰው አፍ እንደተሠራ ቁጥሩን አያውቀውም። አንድ ሰው ሜትር ይዞ መንገድ ከተሻገረ ማታውኑ ሦስት ሰፈር ይነሳል።

«ለመሆኑ ማን ነው ያለዎት?»

«ያለኝ ሰው ውሸታም አይደለም። ከቤታችሁ የወጣ ነው።»

«ከቤታችን የምትወጣው ድመቷ ብቻ ናት። እሷም ከእርስዎ ጋር አትነጋገርም።»

«ሳቂ፣ ሳቂ! ምላስሽ ብሎኬት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ባለ ፎቅ ነበርሽ።»

ሁለቱ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ማዶ፣ ከአስፋልቱ ዳር ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዱ ግድግዳ ተካፍለው ይሠራሉ። እትዬ በላይነሽ ለጠያቂዎች ዳቦ፣ ሶፍትና ስስ ፌስታል ይሸጣሉ። ዙፋን ደግሞ የሰው ስልክ ታስቀምጣለች። ስልክ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልምና ጠያቂው ስልኩን፣ የመኪና ቁልፉን፣ አንዳንዴም ቀበቶውን ለእሷ አስረክቦ ይገባል። እሷም ከካርቶን በተቆረጠች ቁራጭ ላይ ቁጥር ጽፋ፣ ቁራጯን በቁጥሩ መሀል ለሁለት ትቀድና ግማሹን ለባለቤቱ ትሰጣለች፤ ግማሹን ከስልኩ ጋር በላስቲክ ታስራለች። ሲመለስ የተቀደደው ጠርዝ ከተቀደደው ጠርዝ ካልገጠመ ስልክ የለም። ባለ ማዕረግ ይምጣ፣ የሚያለቅስ ይምጣ፣ «እህቴ፣ ታውቂኝ የለ እንዴ!» የሚል ይምጣ፤ ዙፋን የምታውቀው ጠርዙን ነው። ለስልክ አስር ብር፣ ለቦርሳ አስራ አምስት። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የአንዱን ስልክ ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም የቀረውን እዚሁ ቆርቆሮ ሥር ራሷ ጨርሳዋለች፤ ጠያቂ ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ፣ ጠበቃ ረስቶት የሄደውን መጽሐፍ፣ ሰው የጠቀለለበትን የፍርድ ወረቀት ሳይቀር አንብባ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ማመልከቻቸውን «እስቲ አንዴ እዪልኝ» ብለው ሲሰጧት፣ በቢክ እስክሪብቶ ስሕተታቸውን እያሰመረች «በዚህ እጅዎ ነው የተመረቁት?» ትላለች።

ካርቶን እንዲሁ ወደ ውስጥ አይገባም። ፍተሻው እንዲቀል ሁሉም ነገር ወደ ፌስታል ይገለበጣል፤ የፓስታው፣ የብስኩቱ፣ የዘይቱ ካርቶን ደጅ ላይ ይቀራል። የዙፋን ወንድም ሞቲ ሥነ ጥበብ ተምሮ ሥራ ያጣ ጊዜ፣ ድንጋይና እንጨት መግዣ ሲቸግረው፣ እሷ ናት «ካርቶንስ?» ያለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ማታ ማታ የተረፈውን ካርቶን ጠፍጥፋ፣ በገመድ አስራ፣ በታክሲ ረዳት እየተሰደበች ወደ ቤት አመላልሳለች። እርጥበት እንዳይነካውና ቀጥ እንዲል ከፍራሿ ሥር ታነጥፈዋለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተኛችው በካርቶን ላይ ነው ማለት ይቻላል። የጣሪያውንም ዘዴ ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ክረምት ዝናብ የመታው ካርቶን ላዩ ተልጦ ሲነሳ፣ ከሥር ያለው ሞገድ ሞገዱ ልክ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወለል ብሎ ታያት። ሮጣ ወሰደችለት። «በቀዝቃዛ ውኃ ዳሰስ አድርገህ ላጠው፤ የአቃቂ ቆርቆሮ ይወጣልሃል» አለችው። ሞቲ ያን ቀን አቅፎ ግንባሯን ስሟት ነበር።

ሞቲ ከተማውን በሙሉ በካርቶን ሠርቶ፣ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አቃቂ፣ ድሮ የጥጥ መጋዘን በነበረው አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽኑን ይከፍታል። ዙፋን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ለማያውቋት ጠያቂዎች ሳይቀር «ወንድሜ ነው» ስትል ሰንብታለች።

«ግቢያችሁ መለካቱንስ ትክጃለሽ?» አሉ እትዬ በላይነሽ ዳቦውን እየደረደሩ።

«አልክድም። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ከሁለት ወር በፊት ሞቲ ሜትር ይዞ መጥቶ፣ «የአባባን ቤት ልሠራው ነው፤ ያዢልኝ» ሲላት፣ ጫፉን ይዛ በግቢው ጥግ ሁሉ ተንበርክካለታለች። ሳሎኑን ለኩ። የእናታቸውን ጓዳ ለኩ። ሎሚዋ ከአጥሩ ስንት እርምጃ እንደምትርቅ እንኳ ለኩ። ከኋላ ያለችው የእሷ ክፍል ዘንድ ሲደርሱ ሞቲ ሜትሩን ጥቅልል አደረገው። «የኔንስ?» ስትለው፣ «ያንቺን በልቤ አውቀዋለሁ» አላት። ዙፋን ይህቺን ቃል ለሁለት ወር በብብቷ ይዛት ዞራለች። ያቺን ክፍል ማንም አልሠራላትም። ትልቁን ቤት አባታቸው አያና ምድር ባቡር ሲሠራ ያቆመው ነው፤ የኋላዋን ግን ዙፋን በአንድ ክረምት ግድግዳ፣ በሌላው ክረምት ጣሪያ እያደረገች፣ ብሎኬቷን በሃያ በሃያ እየገዛች የሠራቻት ናት። ሦስት በአራት፣ አንድ መስኮት ወደ ሎሚዋ፣ በሩ አረንጓዴ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በዓለም ላይ በሯን ከውስጥ የምትቀረቅርበት ሌላ ቦታ የላትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኮቹን ለእትዬ በላይነሽ አስረከበች። «ጠርዙን ሳያጋጥሙ እንዳይሰጡ!» አለቻቸው። «ሂጂ፣ ሂጂ፤ እኔ ልጅ ያሳደግኩት ስልክ መጠበቅ ያቅተኛል?» አሏት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ቢፍቱ በረንዳው ላይ፣ በአባታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቤቱ ዝም ብሏል። የቤታቸው ዝምታ የጠብ አይደለም፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ የቀረ ልማድ ነው። እናትየው በቀን አስር ቃል ብትናገር ስምንቱ ለድመቷ ነው። ዙፋን ፊቷን ታጥባ፣ ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ አደረገች። «አትሄጂም እንዴ? ልጅሽ ነው እኮ ዛሬ ሙሽራው» አለቻት። እናቷ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ዙፋን የውጩን በር ስትከፍት ግን፣ «ሞቲ እዚያ የሚነግርሽ ነገር አለው» አለች።

«ምንድን ነው?»

«እሱ ራሱ ልንገራት ስላለኝ እኔ አልናገርም ብዬዋለሁ።» ምስሩን በጣቷ በተን አደረገችና፣ «ብቻ እንደ አመልሽ ሁኚ» አለቻት።

ዙፋን ሳቋ መጣ። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህቺ ሴት ለእሷ ያላት ምክር አንድ ነው፤ «አመልሽን በጉያሽ»። ለሠርግ ስትሄድ አመልሽን በጉያሽ፤ ለለቅሶ ስትሄድ አመልሽን በጉያሽ። እንደ አመልሽ ሁኚ ስትባል ዛሬ ገና ነው። እናቴ አረጀች፣ አለች በልቧ። ባጃጅ ያዘች።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ባሉት ትንንሽ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን በግዴታ የሚገባ ይመስላል። በሩ ላይ «ከተማ በካርቶን» ይላል። ዙፋን ከበሩ እንዳለፈች ቆመች። ለገሀር ጣቢያ ከነሰዓቱ ቆሟል። ዛሬ በቦታቸው የሌሉት የፒያሳ ባለ ሰገነት የእንጨት ቤቶች ተደግፈው ቆመዋል። የመርካቶ ሱቆች አንዱ በሌላው ላይ ተንጠላጥለዋል። የብስኩት መጠቅለያ ያብለጨለጨው የባንክ ፎቅ ከሁሉ በላይ ሆኖ፣ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ በየሰገነቱ የክር ልብስ አስጥቶ ቆሟል። ሰዉ «እዩልኝ እስቲ ቆርቆሮውን! ምን አርጎ ነው?» እያለ በጣሪያዎቹ ይደነቃል። ዙፋን ግን የምታየው ሌላ ነው። በቴአትር ቤቱ ጀርባ ግድግዳ ላይ ግማሽ የሱፍ አበባ ቀርታለች፤ የዘይት ካርቶን ናት፤ ያመጣቻት አንዲት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁልጊዜ ማክሰኞ ትመጣ ነበር፤ ኋላ ከሕፃኑ ጋር መጣች፤ ኋላ መምጣት ተወች። የፖስታ ቤቱ ደረጃ አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ያመጡት የፓስታ ካርቶን ነው። ከተማው ሁሉ በእሷ እጅ አልፎ የመጣ ነው፤ ግንብ ለግንብ ስትዞር ዘመድ እንደምትጠይቅ ሰው ሆነች። የኮራ ሰው እንባ ቶሎ አይወርድም እንጂ ያን ጊዜ ሊወርድ ነበር።

ከለገሀር ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። «ካርቶን፣ የዱቄት ማጣበቂያ። ካርቶኖቹ ከመንገድ ላይ የተለቀሙ ናቸው።»

እንግዲህ መንገድ ሆኛለሁ፣ አለች። ደግሞ ወዲያው ለወንድሟ ሰበብ ፈለገችለት። ለእንግዳ ሲጻፍ እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ስም ይበዛል ብሎ ነው፤ ይረሳል፤ ወንድ ልጅ ነው። ይህን እያለች ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ፣ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ሄደች።

«የአባቴ ቤት» ይላል። ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ወገብ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ ግቢ ነው። ዙፋን ባየችው ጊዜ ፈገግታዋ ከፊቷ አልፎ ጆሮዋ ደረሰ። በሩ ላይ ያለችው ስርጉዳት ሳትቀር አለች፤ ሞቲ በልጅነቱ በኳስ የመታት ናት። አባታቸው የምድር ባቡር ባርኔጣውን የሚሰቅልባት ምስማር አለች። አግዳሚው ወንበር፣ የውኃ በርሜሉ፣ ሎሚዋ ከነእሾኋ፣ ድመቷ እንኳ አጥር ላይ ተጋድማለች። እየሳቀች ወደ ጓሮ ዞረች።

ጓሮው ባዶ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ንጹሕ አሸዋ ተነስንሶበታል፤ የተጠረገ፣ የተስተካከለ፣ ምንም ያልነበረበት። ዙፋን ጠረጴዛውን አንዴ ዞረችው። የመግቢያ በር እንደጠፋበት ሰው ደግማ ዞረችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለችና፣ ምናልባት ክፍሏ ወድቃ እንደሆነ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። ወለሉ ላይ አንድ የወረቀት ኩባያ ብቻ ነበር።

ጎንበስ እንዳለች ከላይዋ የወንድ ድምፅ ሰማች።

«መኪናውን የምናቆመው እዚህ ጋ ነው።»

«ሁለቱም ይገባሉ?» አለች ሴት።

«ሎሚዋን ካነሳናት ሁለቱም።»

ዙፋን ቀና አለች። ሰውዬው ወፍራም የወርቅ ቀለበት ያደረገ፣ ረጋ ያለ፣ ክፋት የማይታይበት ሰው ነው። ጣቱ አሸዋው ላይ አርፏል። ያረፈበትን ቦታ ዙፋን በደንብ ታውቀዋለች፤ የአልጋዋ ራስጌ ነው። ሰውዬው የቤቱ ልጅ መሆኗን ስላላወቀ፣ «ቆንጆ ሥራ ነው፣ አይደል?» አላት። ሚስቱም ፈገግ አለችላት። «እኛ ባለ ቤቶቹ ነን፤ ማለት ልንሆን ነው» አለች አፍራ።

«ዙፊ! መጣሽ!» ሞቲ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እየተጣደፈ መጣ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ፊቷን ሲያይ እጁ ወደ ሰውዬው ዞረ። «ተዋወቁ፣ ጋሽ ጂራታ ናቸው። ጋሼ፣ ታላቅ እህቴ ናት።» ጂራታ ያን ጊዜ ጣቱን ከአሸዋው ላይ አነሳ። ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ነው ያነሳው።

ሞቲ ክንዷን ይዞ ከጠረጴዛው ማዶ ወሰዳት።

«ክፍሌ የት አለች?»

«ዙፊዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል…»

«ክፍሌን ነው የጠየቅኩህ።»

«ካርታው ላይ የለችም። እኔ የሠራሁት ካርታው ላይ ያለውን ነው።»

«ካርታው ላይ ድመቷም የለችም። እሷን ግን ከነጭራዋ ሠርተሃታል።»

ሞቲ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ተናገረ፤ የተጠና ነገር እንደሚያነብ ልጅ ሳይተነፍስ ተናገረ። ቤቱ አርጅቷል፤ የእማ ጉልበት ጓሮ ድረስ አይወስዳትም፤ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት፣ ሁለት መኝታ ይገዛላታል፤ «አንዱ ያንቺ ነው፣ እስክታገቢ»፤ ለእሱም ሥራውን የሚሠራባት ትንሽ ቦታ ትተርፈዋለች። በዙፋን በኩል ያለውን በውክልናዋ ጨርሶታል። ዙፋን ውክልናውን አስታወሰች። አባታቸው የሞተ ዓመት፣ ለመብራትና ለግብር እየተባለ ሱቅ ከምትዘጋ ብላ የሰጠችው ነው። ከውልና ማስረጃው በር ላይ የሚጽፈው ሰውዬ «ለአንድ ጉዳይም ለሁሉም ጉዳይም ዋጋው እኩል ነው» ሲላት፣ እኩል ከሆነማ ብላ ለሁሉም አስጻፈችው። የአቃቂ ሰው የተትረፈረፈ ነገር በእኩል ዋጋ ካገኘ አይመለስም።

«እማስ?» አለችው። «እማ ፈርማለች?»

ሞቲ ትንፋሹን ብቻ በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ የኛ ሰው አዎ ለማለት ቃል ሲሰስት እንደሚያደርገው። ይህቺ ትንሽ ትንፋሽ ናት የጣለቻት። የወንድሟን ነገር ገና ስትሰማ ልትታገለው ነበር፤ ልትጮኽ፣ ለገሀርን ከነሰዓቱ ልትገለብጠው ነበር። የእናቷን ስትሰማ ግን የምትታገልበት እጅ አጣች። ለካ እትዬ በላይነሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ እውነት ሲያጠጧት ነው የከረሙት። ለካ ያቺ ሴት ምስሯን እየለቀመች፣ ለድመቷ እየተናገረች፣ ጣቷን አንስታ ወረቀቱ ላይ አትማ ጨርሳለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ለእናቷ ጉልበት ቅባት የምታመጣው እሷ፤ በሌሊት ስታስል የምትነሳው እሷ፤ ግን በአሸዋ የተሸፈነችው እሷ።

ሞቲ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። «ይሄ ደግሞ… ለፋይሉ ነው። እንዲሟላ ያህል። በሽያጩ ተስማምቻለሁ፣ በኋላው ክፍል ላይ ጥያቄ የለኝም የሚል።»

«በውክልናሽ ጨርሻለሁ ካልክ ይሄ ለማን ነው?»

«ለፋይሉ አልኩሽ እኮ፣ ዙፊ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ወረቀት ከእጇ በሕይወት አይወጣም ነበር። በቢክ ታሰምረዋለች፤ ማን፣ ለማን፣ ለምን ትላለች፤ ጠርዙን ከጠርዙ ታጋጥማለች። የዛሬዋ ዙፋን ግን አንድ ነገር ብቻ ፈራች፤ ክፍሏን የሚለምን ሰው መምሰል። ያቺ የገዢው ሚስት በሐዘኔታ እያየቻት፣ «እባካችሁ እኔን ቁጠሩኝ» ማለት። አመሏ እዚህ ላይ ነው የመጣው። ወረቀቱን ነጥቃ ዞረችና መጻፊያ ደልዳላ ቦታ ስታጣ፣ ባዶው ጓሮ ላይ፣ አሸዋው ላይ አነጠፈችው። ሳታነብ ፈረመች። እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶ ከሥር ያለውን ካርቶን ሲወጋው በእጇ ተሰማት።

«ውሰድ» አለችው። «ሌላ የቀረኝ ነገር ካለ ንገረኝና ማታ ጠፍጥፌ፣ በገመድ አስሬ ላምጣልህ።»

ሞቲ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ይቅርታ ሊል መስሏት ጠበቀች፤ እሱ ግን ሰዓቱን አየ። ከአዳራሹ ወጥታ ባጃጅ ስትጠብቅ፣ እሱና ጂራታ የገዛ ኤግዚቢሽኑን ከነእንግዳው ጥለው መኪና ውስጥ ሲገቡ አየቻቸው። መኪናዋ አቧራ አስነስታ ወደ በሰቃ ታጠፈች። ምን አስቸኮላቸው አላለችም። የሆዷ ነገር ከዓይኗ ቀድሞ ነበር።

ሱቋ ስትደርስ ጠያቂዎቹ እየወጡ ነው። ስልክ ማደል ጀመረች። ግማሽ ከግማሽ፣ ጠርዝ ከጠርዝ። አንዲት ወጣት ቁራጯን ጥላ መጣች፤ እያለቀሰች ኪሷን ገለበጠች፣ የስልኩን ቀለም ተናገረች፣ ከጀርባው የተለጠፈችውን የማርያም ሥዕል ተናገረች። ዙፋን፣ «ለእናትሽ ደውዪና እሷ ወደ ስልክሽ ትደውል» ብላ የራሷን ስልክ ሰጠቻት። ስልኩ እስኪጮኽ፣ ጮኾም የልጅቷ እናት ስም እስኪወጣበት ድረስ ከእጇ አልለቀቀችውም። ያን ጊዜ የራሷ ነገር ድንገት መጣባት፤ ለሰው የአራት ሺህ ብር ስልክ ይህን ያህል የጠበቀች እጅ፣ ቤቷን ግን በአንድ ትንፋሽ ለቀቀች። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

እትዬ በላይነሽ አይተዋት ዳቦ መሸጣቸውን አቆሙ።

«እንዴት ነበር?»

«ልክ ነዎት። ፈርማለች።»

ሦስት ሳምንት የጠበቁት ድል ሲመጣ እትዬ በላይነሽ አልተደሰቱበትም። ዳቦ አንስተው በሶፍት ጠቅልለው ጭኗ ላይ አኖሩላት። «እኔ እንኳን ሞቲ ሲነግረኝ ቀልዱን መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቆማችሁ ስታወሩ ጣል ያርጉላት፣ ከእኔ ስትሰማ ትቆጣለች አለኝ። እኔስ ምን ላድርግ፣ ጣል አደረግኩ።»

እና ለጎረቤት ቀድሞ ነገረ፣ አለች ዙፋን በልቧ። ከዚያ በላይ አላሰበችበትም። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ዘጋች። ደጁ ላይ የዕለቱ ካርቶን ተከምሯል፤ አንድ ትልቅ የብስኩት ካርቶን ምንም ሳይረገጥ፣ ሳይጨማደድ ቆሟል። እጇ በልማዱ ሊጠፈጥፈው ሄደ። መለሰችው።

ቤት ስትደርስ ጀምበር ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሥር ወርዳለች። እናቷ ያው አግዳሚው ወንበር ላይ ናት፤ ነገር ግን ነጭ ነጠላዋን፣ ቢሮ ስትሄድ ብቻ የምትለብሰውን፣ እንደለበሰች ናት። ከጎኗ የተገመሰ ሎሚ አለ። በሎሚውና በጨው የቀኝ አውራ ጣቷን ትፈትጋለች። ጣቷ እስከ አንጓው ሰማያዊ ሆኗል።

ዙፋን አልፋት ወደ ጓሮ ልትሄድ ነበር። ቆመች።

«ምንድን ነው እጅሽ ላይ?»

«ቀለም ነዋ። ከውልና ማስረጃ። ሰውየው በመኪናው ወሰደን፤ ሊዘጉ ሲሉ ደረስን።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ ነዋ።»

«ዛሬ ደግሞ የምን ነው? ከሦስት ሳምንት በፊት ፈርመሽ የለ?»

እናቷ ሎሚውን ያዝ አድርጋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ነው እንጂ እፍረት አልነበረም።

«ማን ነው ፈረመች ያለሽ? ሁለት ወር ሙሉ እግሬ ሥር ሲወድቅ እምቢ ብዬዋለሁ። ዙፋን በእጇ ካልጻፈች ጣቴን አላነሳም፤ የኋላው ቤት የእሷ ላብ ነው አልኩት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ወረቀትሽን ይዞ መጣ። ማንበብ ባልችልም ፊርማሽን አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱን በስቶት ነበር። ይህን ያህል ጨክና ከፈለገችውማ ምን አግዳታለሁ ብዬ ተነሳሁ።»

ድመቷ ከአጥር ወርዳ በሁለቱ መሀል አለፈች። እናቷ እንደገና ጎንበስ ብላ ጣቷን መፈተግ ጀመረች፤ ሎሚው ጨርሶ ተጨምቋል፤ ሰማያዊው ግን እንዳለ ነው።

«እኔማ» አለች፣ «እንደ አመልሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩሽ።»